ጂ.ቲ. 17፤ ስለ አንድ የታደሰ የኢጣልያ ሞተር ብስክሌት

ለትምህርት በኢጣልያ አገር በነበርሁበት ጊዜ፥ በኮሞ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ሲያድሱ፥ በየቅዳሜው እየሄድሁ እመለከት ነበር። ዕቃው የእርሳቸው አልነበረም። ባለቤቱ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶችን የሚሰበስብ ሌላ ሰው ሲሆን፥ እርሳቸው በክፍያ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ። መጀመሪያ የሄድሁት ለመዝናናት እንጂ ለጥናት አልነበረም። ነገር ግን በሁለተኛው ቅዳሜ ሽማግሌው ከየት አገር እንደ መጣሁ ጠየቁኝ፤ ከኢትዮጵያ መሆኔን ስነግራቸው የያዙትን ጨርቅ አስቀምጠው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እንግዲያውስ ይህን ዓይነት አያትህ ሳያውቁት አይቀሩም» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ንግግር ነው።

ሞተር ብስክሌቱ ሞቶ ጉትሲ የተባለው ፋብሪካ ለኢጣልያ ጦር ሠራዊት የሠራው ጂ.ቲ. 17 የሚባለው ዓይነት ነበር። የብሔረሰብ ጥናት ስለ ማረሻ፥ ስለ ሸማኔ መወርወሪያ፥ ስለ ሸክላ አሠራር ብዙ መርምሮአል። ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ግን የማንም ባህል እንዳልሆነ ተቈጥሮ ለመሐንዲሶች ይተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ አከፋፈል ትክክል አይደለም፤ ይህ ሞተር ብስክሌት በአንዱ ሕዝብ ዘንድ የእጅ ጥበብ መኩሪያ፥ በሌላው ዘንድ የወራሪ መሣሪያ የሆነ ዕቃ ስለ ሆነ፥ ከመሐንዲሱ ይልቅ የታሪክ ተመራማሪውን ይመለከታል። ከዚህ በታች የኢጣልያን ጉዳይ የሚመለከቱት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል፤ የኢትዮጵያን የሚመለከቱት ግን ዓ.ም. የሚል ምልክት አላቸው።

የፋብሪካው ታሪክ ሥሩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በኢጣልያ የባሕር ኃይል የአየር ክፍል ውስጥ ሦስት ወጣቶች ተገናኙ። አንደኛው የሚላኖ ተወላጅ የሆነው መካኒክ ካርሎ ጉትሲ ሲሆን፥ ሌሎቹ ሁለቱ አውሮፕላን ነጂዎች ጆቫኒ ራቬሊና ጆርጆ ፓሮዲ ናቸው። ራቬሊ ከጦርነቱ በፊት በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ስሙ የታወቀ ሰው ነበር፤ ፓሮዲ ደግሞ መርከብ ካላቸው የጄኖቫ ባለጸጎች ቤት የተወለደ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ጉትሲ ሊሠራ፥ ራቬሊ በእሽቅድምድም ሥራውን ሊያስመሰክር፥ ፓሮዲም ገንዘቡን ሊያመጣ ተስማሙ። የፓሮዲ አባት በ1919 መጀመሪያ ለልጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ለመጀመሪያው ሙከራ 1,500 ወይም 2,000 ሊሬ ለመስጠት ፈቀዱ፤ ነገር ግን ወጪው ከዚያ ፈጽሞ እንዳያልፍ፥ ለሚቀጥለውም ከመወሰናቸው በፊት ሥራውን ራሳቸው እንዲመለከቱ አጥብቀው አስታወቁ። የጄኖቫ ነጋዴ ገንዘቡን ሲያወጣም ቢሆን ዓይኑን ከገንዘቡ ላይ አያነሣም። ከዚህ በኋላ ጥቂት ወራት አልፈው፥ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፥ ራቬሊ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጉትሲና ፓሮዲ ክንፉን የዘረጋውን ንስር ለሥራቸው ምልክት ያደረጉት ለሞተው ባልንጀራቸው መታሰቢያ እንዲሆን ነው። እንግዲህ ይህ ንስር በመጀመሪያ የኀዘን ምልክት ነበር።

የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር ብስክሌት ጂ.ፒ. ተባለ፤ ጉትሲና ፓሮዲ ለማለት ነው። ነገር ግን ፊደሎቹ የጆርጆ ፓሮዲም ስም መጀመሪያዎች ስለሆኑ፥ ዕቃው የእርሱ ብቻ እንዳይመስል በጉትሲ ስም ብቻ እንዲጠራ ተደረገ። ማኅበሩ ማርች 15 ቀን 1921 በጄኖቫ ተመሠረተ፤ ፋብሪካው ግን ጉትሲ በሚኖርባት በማንዴሎ ተሠራ። ማንዴሎ በሌኮ በኩል ባለው የሐይቁ ክንድ ላይ ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ናት። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ ብረት በማቅለጥና ሽቦ በመሳብ፥ ከሐይቁ ወዲያ ያለውም ሐር በመፍተል የታወቀ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ለሞተር ሥራ የሚሆን እጅ ማግኘት አስቸጋሪ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት የተሠሩት 17 ብቻ ነበሩ፤ ኖርማሌ የተባለው ይህ ዓይነት በ1924 ሥራው እስኪቆም ድረስ ግን ቍጥሩ ከ2,000 በላይ ሆነ።

ስለ ሞተሩ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከ1921 ጀምሮ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል መሠረቱ አልተለወጠም። በዚያ ዘመን የሌሎች ፋብሪካዎች ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ሲቆም፥ የጉትሲ ግን ወደ ፊት ተጋድሞ የተኛ ነው። ስለ ተኛም የሚመጣው ነፋስ የሲሊንደሩን ራስ ፊት ለፊት አግኝቶ ያቀዘቅዘዋል፤ ክብደቱም ወደ መሬት ስለሚቀርብ ነጂው በመጥፎ መንገድ ላይ በቀላሉ አይወድቅም። የሲሊንደሩ ውስጥ ስፋት 88 ሚሊሜትር ሲሆን የፒስተኑ ጕዞ 82 ነው። ስፋቱ ከጕዞው መብለጡ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። ጠቅላላው ይዞታ 498.4 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። የዝውውሩን ኃይል የሚያጠራቅመው ከባድ የብረት መንኰራኵር በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ በግራ በኩል ተገልጦ ይዞራል፤ እንግሊዞች ይህን አይተው «ሥጋ መቍረጫ» ብለው ሰይመውታል። ለመሳለቂያ የተሰጠ ስም ይመስላል እንጂ አሠራሩ ብልህነት ነበረው፤ መንኰራኵሩ ከውጭ በመሆኑ የሞተሩ ሣጥን ትንሽና ጠንካራ ሊሆን ችሏል፤ መንኰራኵሩ ትልቅ በመሆኑም ሞተሩ በዝግታ እየመታ ሳይጠፋ ሊሄድ ይችላል። ሽማግሌው መካኒክ ሞተሩን በመጨረሻ ባስነሡበት ቀን አንዱን ምት ከሌላው ለይቼ ለመቍጠር ቻልሁ።

ከኖርማሌ ወደ ጂ.ቲ. 17 የሚያደርሰው መንገድ ግን በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያልፋል። የካርሎ ወንድም ጁዜፔ ጉትሲ መሐንዲስ ነበር። የኋላውን ጎማ በሞላ ላይ የሚያሳርፍ አዲስ አካል አወጣ፤ ሞላዎቹም ከሞተሩ በታች በሣጥን ውስጥ የተደበቁ ናቸው። ገዢዎች ግን አላመኑትም፤ የሚንቀሳቀስ አካል ያለው ሞተር ብስክሌት በፍጥነት ሲሄድ ነጂውን ይጥላል የሚል አሳብ በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰዶ ነበር። ጁዜፔ ክርክሩን ትቶ በ1928 በዚሁ ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ከማንዴሎ ተነሣና በኖርዌይ መጨረሻ እስከሚገኘው እስከ ሰሜን ራስ ደርሶ ተመለሰ። ከዚህ ጕዞ የተነሣ ዓይነቱ ኖርጄ፥ ማለት ኖርዌይ ተባለ። ስሙ ተወደሰ፤ ገበያው ግን አልተከተለውም፤ የተሸጠው መቶ እንኳ አልሞላም። የአንድ ፈጠራ እውነተኛነት መረጋገጡና ሰው መግዛቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጁዜፔ ጉትሲ በራሱ ገንዘብና በራሱ ወገብ ተማረው።

ሕዝቡ ያልገዛውን ጦር ሠራዊቱ ገዛው። በድንጋይና በአሸዋ ላይ ለሚሄድ ወታደር ሞላ ያለው አካል ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማስረዳት ነጋዴ አያስፈልግም ነበር። በ1932 የወጣው ጂ.ቲ. 17 ፋብሪካው ለጦር ሠራዊት ብሎ የሠራው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት ነው። ኃይሉ ወደ 13 ፈረስ፥ ክብደቱ ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ፥ ፍጥነቱም በሰዓት 100 ኪሎሜትር ያህል ነበር። አንድ ሰው የሚይዝና ሁለት ሰው የሚይዝ ተብሎ ይሠራ ነበር፤ በአንዳንዶቹም ላይ መትረየስ ተገጥሞአል። ሥራው እስከ 1939 ቀጠለ። ለግል ሰው የተሠራ ሞተር ብስክሌት ከገበያ የመጣ ነውና በገበያ ይጠፋል፤ ይህ ግን የመንግሥት ትእዛዝ ስለ ነበረው ማንዴሎን በክፉው የኢኮኖሚ ዘመን እንጀራ አብልቶአታል። በሐይቁ ዳር የሚገኙ ቤተሰቦች ስለ ፋብሪካው በፍቅር ሲናገሩ ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ፍቅራቸው የውሸት አይደለም።

አሁን ወደ 1935 እንመጣለን። በዚያ ዓመት በጁን ወር በእንግሊዞች ደሴት በማን በተደረገው የታላቁ እሽቅድምድም በዓል፥ ስታንሊ ዉድስ የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ በሞቶ ጉትሲ ላይ ተቀምጦ በ250ውም በ500ውም ክፍል አንደኛ ወጣ። በ500ው ክፍል ኖርተን የተባለውን የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ይነዳ የነበረውን ጂሚ ገትሪን የቀደመው በ4 ሰኮንድ ብቻ ነው። ድሉ የተገኘው የኋላ ጎማው በሞላ ላይ ባረፈ ሞተር ብስክሌት በመሆኑ፥ የጁዜፔ ጉትሲ ዓላማ በመጨረሻ በኤውሮፓ ሁሉ ፊት ተመሰከረለት። ስለ ሞቶ ጉትሲ የሚጻፉ መጻሕፍት በዚህ ድል ላይ ብዙ ገጽ ያሳልፋሉ። ከአራት ወር በኋላ፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ስለዚህኛው ብዙዎቹ መጻሕፍት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃቸዋል፤ ጂ.ቲ. 17 «በአፍሪካ ተፈተነ» ይላሉ። መፈተን የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበለው። ፈተናው የተደረገው በማን አገር ላይ እንደ ሆነ ቃሉ አይናገርም።

ነገሩን ከመጠን በላይ ማጉላትም አያስፈልግም። ኢትዮጵያ የተወረረችው በሞተር ብስክሌት አይደለም፤ ጦርነቱን የወሰኑት አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ፥ መድፍና የጭነት መኪና ናቸው። ሞተር ብስክሌት መልእክት የሚያደርስ፥ መንገድ የሚሰልል፥ የተሽከርካሪውን ሰልፍ የሚያስተካክል ትንሽ አገልጋይ ነበር። ይሁን እንጂ ወራሪው ጦር በመልእክት ተላላኪው ላይ ምን ያህል ይመካ እንደ ነበር ለማወቅ፥ ጦሩ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሄደበትን መንገድ ማየት ይበቃል። ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከሺህ የሚበልጡ መኪናዎች አሰልፎ ሲነሣ፥ በጣርማ በር ላይ መንገዱ በኢትዮጵያውያን ተቈርጦ አገኘው፤ ያ ሁሉ ብረትም ድንጋይና አፈር እስኪሞላ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ በ1933 ዓ.ም. በዚሁ ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ።

ስለ ሞተር ሲነገር ስለ ቤንዚን ዝም ማለት አይቻልም። የመንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ላይ የኢኮኖሚ ቅጣት ሲያደርግ፥ ብዙ ዓይነት ዕቃ ከለከለ፤ ነዳጅ ዘይትን ግን አልከለከለም፤ የስዌዝም ቦይ አልተዘጋም። የማንዴሎ ሠራተኛ የሠራው ሞተር ያለ ቤንዚን ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝን ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለዚህ ዕቃ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፥ መልሱ በሐይቁ ዳር ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ በጄኔቭ አዳራሽም ይፈለጋል።

አሁን ወደ ሽማግሌው መሥሪያ ቤት ልመለስ። ስለ ሞተር ክፍሎች ስንነጋገር አንድ የሚያስገርም ነገር አጋጠመን። በኢጣልያንኛ ስሙን የማላውቀውን ክፍል በአማርኛ እጠራለሁ፤ እርሳቸውም ይገባቸዋል። ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ቸርኬ፥ ኩሽኔታ፥ ማርሚታ፥ ፓራፋንጎ፥ ሞላ፤ እነዚህን ሁሉ በአገሬ ጋራዥ ከሚሠሩ ልጆች ሰምቼ የማውቃቸው ናቸው። ሽማግሌው ካንዴላ ማለት ሻማ፥ ማርሚታ ማለት ድስት፥ ባሌስትራ የምንለውም የመኪና ሞላ በጥንት ዘመን ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ እንደ ነበረ ሲነግሩኝ፥ እኔ ደግሞ በአማርኛ ካንዴላ የሚበራ፥ ማርሚታም ወጥ የሚሠራበት እንዳልሆነ ነገርኋቸው። ቃሎቹ ከቤት ወጥተው ወደ እኛ የመጡት በሞተር ላይ ተቀምጠው ነው፤ የወጥ ቤት ትርጕማቸውን በወላጆቻቸው ዘንድ ትተው መጥተዋል። ይህ ለቋንቋ ተመራማሪዎች ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል፤ ቃል በምን አጋጣሚ እንደ ተወሰደ፥ ከተወሰደው ትርጕም ጥበት ሊታወቅ ይችላልና።

እነዚህ ቃሎች ሁሉ በአምስቱ ዓመት ብቻ ገቡ ማለት አይደለም። ኢጣልያ ኤርትራን ከያዘች በኋላ በንግድና በእጅ ሥራ የገቡ አሉ፤ ከነጻነት በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት በአገራችን የቀሩት ኢጣልያውያን መካኒኮች በየጋራዣቸው ካሠለጠኗቸው ወጣቶች አፍ የተስፋፉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከዚያው ቋንቋ የመጣ ሌላ ቃል አለን፤ እርሱም ባንዳ ነው። በኢጣልያንኛ ትርጕሙ ጭፍራ ማለት ሲሆን፥ ቅኝ ገዢዎች ከአገሬው ሰው መልምለው ያሰለፉትን ጦር ይጠሩበት ነበር። በአማርኛ ግን አገሩን የከዳ ማለት ሆኖ ቀረ። ጎማና ባንዳ አብረው መጡ፤ ጎማ ያለ ምንም ቂም ቤተኛ ሆነ፥ ባንዳ ግን እስከ ዛሬ ስድብ ነው። ሕዝብ ከወራሪው የተረከበውን አንድ በአንድ መርምሮ፥ የዕቃውን ስም ከሠሪው በደል ለይቶ አስቀምጧል። ለሽማግሌው ጎማን ብቻ ነገርኋቸው፤ ባንዳን አልነገርኋቸውም። ለምን እንደ ተውሁት ሳስበው፥ ቡና ያቀርቡልኝ ስለ ነበር ይመስለኛል።

እድሳቱ ስምንት ወር ፈጀ። በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቍጥር የ1935 ሥራ መሆኑን ያሳያል፤ የሠራበትን ዓመት ይናገራል እንጂ የሄደበትን አገር አይናገርም። ቀለሙን ሲልጡ በመጀመሪያ ቀይ፥ ከቀዩ በታች ጥቁር፥ ከሁሉ በታች ወታደራዊው ግራጫማ አረንጓዴ ተገኘ። ባለቤቱ ለትዕይንት የሚያምረው ቀዩ ስለሆነ ቀይ እንዲሆን ፈለገ፤ ሽማግሌው ግን ፋብሪካው የቀባው አረንጓዴ ነውና ከዚያ ሌላ አልቀባም ብለው ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም አሸነፉ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነበርሁ። ለፋብሪካው ታሪክ ከመጀመሪያው ቀለም የሚበልጥ ታማኝነት የለም ብዬ አስብ ነበር።

ግን አንድ ስሕተት ሲሠራ ዝም ብዬ አይቻለሁ፤ እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ከሞተሩ በታች ያለው የሞላ ሣጥን ሲከፈት፥ በውስጡ እንደ ድንጋይ የደረቀ፥ በቅባት የተለወሰ ቀይ አፈር ተገኘ። ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ወደ እርሳቸው አየሁ፤ ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን። እኔ ግን የተማርሁት ማስረጃ ሳይኖር እንዳልናገር ስለሆነ፥ ቀይ አፈር በኢጣልያም በእስፓንያም አለ ብዬ ፈጥኜ ተናገርሁ፤ ጂ.ቲ. 17 በእስፓንያ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥም አገልግሏልና። አባባሌ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ ይህን ካልሁ በኋላ አፈሩ ዋጋ እንደሌለው ሁሉ በብሩሽና በቤንዚን ታጥቦ በመሥሪያ ቤቱ ቦይ ሲሄድ ቆሜ ተመለከትሁ። አንድ ማንኪያ በወረቀት ጠቅልዬ ብወስድ፥ የአፈር ተመራማሪ ሊመረምረው በቻለ ነበር። የቀለሙን እውነተኛነት ለማዳን ስንከራከር፥ የመንገዱን ምስክር በራሳችን እጅ አጠብነው። እድሳት የሚባለው ሥራ ዕቃውን ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ቀን ይመልሰዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ሁሉ ግን እንደ ዝገት ይቈጥረዋል።

የዓይነቱን ፍጻሜ ባጭሩ ልናገር። ከጂ.ቲ. 17 በኋላ ጂ.ቲ. 20፥ ከእርሱም በኋላ በ1939 አልቼ የተባለው ወጣ፤ አልቼ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሙሉ ለኢጣልያ ጦር አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ ሱፐርአልቼ ከ1946 ጀምሮ እስከ 1957 ለጦር ሠራዊትና ለፖሊስ ተሠራ። የተጋደመው ሞተር ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነበት ፋልኮኔ በ1950 ወጥቶ በ1967 ቆመ፤ ኢጣልያውያን ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚከፍሉት በተለይ ለእርሱ ነው። ጆርጆ ፓሮዲ በ1955፥ ካርሎ ጉትሲ በ1964 ሞቱ። 88 በ82 የሆነው ሞተር ግን ኑኦቮ ፋልኮኔ በሚባል ስም እስከ 1976 ቆየ። ፋብሪካው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ በ2004 ፒያጆ የተባለው ማኅበር ያዘው።

የእኛው ጂ.ቲ. 17 በታደሰበት ዓመት በጋ በአንድ የከተማ አደባባይ በተደረገ ትዕይንት ቀረበ። አጠገቡ የሚቆመውን ካርቶን ባለቤቱ ሲያዘጋጅ፥ ይህ ዓይነት በኢትዮጵያ ጦርነት ማገልገሉ እንዲጻፍ በትሕትና ለመንሁት። እርሱም ሰው ወደ ትዕይንት የሚመጣው ለመደሰት ነው፥ ፖለቲካ አይገባም ብሎ መለሰልኝ። ሽማግሌው በዚያን ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ስሄድ ካርቶኑ እንዲህ ይል ነበር፤ ሞቶ ጉትሲ ጂ.ቲ. 17፥ 1935፥ 498.4፥ የመጀመሪያ ቀለም። በታተመው ጽሕፈት ግርጌ፥ መጻፍ ባልለመደ እጅ፥ በእርሳስ «ኢትዮጵያ፥ እስፓንያ» የሚል ተጨምሮ ነበር። ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ አይቶ በላጲስ አጠፋው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የእርሳሱ ጕድጓድ ስለ ቀረ፥ ፀሐይ በጐን ስትመታው ይነበብ ነበር።